በግንቡ ላይ የተጫሩት ሦስት ስሞች

«ጤና ይስጥልኝ። በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርትና የቅርስ ክበብ ኃላፊ ነኝ። በጥር ወር 68 ተማሪዎችን በሁለት ቅጥቅጥ አሳፍረን ከከተማችን ብዙ ወደማይርቅ ጥንታዊ ገዳም ወሰድናቸው። በተመለስን በሦስተኛው ቀን ከገዳሙ ስልክ ተደወለ፤ በድሮው ግንብ ላይ ሦስት ስሞች ከነክፍላቸው በምስማር ተጭረው ተገኝተዋል። ልጆቹ ሲጠየቁ ወዲያው አመኑ። ርእሰ መምህራችን ነገሩ ሳይሰፋ ሰው ልከን ቦታውን በሲሚንቶ እናስለስነው ይላሉ፤ ልጆቹንም በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ፊት አቁመው ሊቀጧቸው፣ ከእንግዲህም ጉዞ የሚባል ነገር እንዳይኖር ሊወስኑ ነው። የአንዱ ልጅ አባት ደግሞ ‹የተባለውን እከፍላለሁ፣ ብቻ ስማችን አይነሣ› ብለዋል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ነው የምሄደው። ግንቡን ምን እናድርገው? ልጆቹንስ? ከእንግዲህስ ተማሪ አስከትዬ የሰው ደጅ መርገጥ ይገባኛል?»

ውድ መምህርት፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ መልሱ ሊያድር የማይገባው የመጀመሪያው ነውና ከእርሱ ልነሣ፤ ሲሚንቶው ከትምህርት ቤቱ ግቢ አይውጣ። ርእሰ መምህሩ ይህን ያሰቡት በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል፤ የተበላሸን ነገር ቶሎ ሸፍኖ ማሳመር ኃላፊነት የተሸከመ ሰው ሁሉ የሚፈተንበት ነገር ነው። ነገር ግን ግንቡ የትምህርት ቤቱ አይደለም፣ ጥገናውም ለአንድ ግንበኛ ተነግሮ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚካሄድ ማንኛውም የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ በአገሪቱ የቅርስ ባለሥልጣን ሊፈቀድ እንደሚገባ ይደነግጋል። ልጆቹ በምስማር ያደረሱት ጥፋት የልጅነት ጥፋት ነው፤ ትምህርት ቤቱ በሲሚንቶ ቢያደርሰው ግን የአዋቂ፣ ያውም የመሥሪያ ቤት ጥፋት ይሆናል።

ሕጉ ባይኖር እንኳ ድንጋዩ ራሱ ይህን አይወድም። የድሮ ግንቦቻችን ብዙዎቹ የተያያዙት በኖራ ወይም በጭቃ ነው። ኖራ ክረምቱን የጠጣውን እርጥበት በጋ ሲመጣ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይተነፍሰዋል፤ ሲሚንቶ ግን ድፍንና ጠንካራ ስለሆነ እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል፣ የታፈነውም ውኃ ውሎ አድሮ መውጫ ሲፈልግ ለስላሳውን ድንጋይ ከፊቱ እየላጠ ይጥለዋል። ቆይቶ ተጸጽተን እናንሣው ብንል ደግሞ ከነድንጋዩ ገጽ ይነሣል። በሽቦ ብሩሽ መፈተግም፣ በሳሙናና በበረኪና ማጠብም እንዲሁ ነው፤ የተጫረውን ለማጥፋት ተብሎ በዙሪያው ያለው ደኅና ገጽ ይጠፋል፣ በሦስት ስሞች ፋንታም ከሩቅ የሚታይ ነጭ ጠባሳ ይቀራል። ስለዚህ ለጊዜው በግንቡ ላይ የሚደረገው መልካም ሥራ ምንም አለማድረግ ነው። የገዳሙ አባቶች ከፈቀዱልዎ ቦታውን ማስመሪያ አጠገቡ ይዘው ፎቶግራፍ ያንሡት፣ ከመሬት ያለውን ከፍታና የጭረቱን ርዝመት በሜትር ለክተው ከነቀኑ ይጻፉት፤ ይህንንም ከአጭር ደብዳቤ ጋር ለገዳሙ አስተዳደርና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይስጡ። ባለሙያ መጥቶ «ይጠገን» ወይም «እንዳለ ይተው» እስኪል ድረስ የእናንተ ድርሻ ይኸው ነው። «ይተው» የሚል መልስ ቢመጣም አይደነቁ፤ ጥልቀት የሌለውን ጭረት ፀሐይና ዝናብ ራሳቸው የሚያደበዝዙት ጊዜ አለና።

ወጪ ያስፈልጋል ከተባለ የአባትየው ገንዘብ ያን ጊዜ ይታሰባል። «ስማችን አይነሣ» ያሉት ነገር ግን ትንሽ ፈገግ አሰኝቶኛል፤ ስሙ በግንቡ ላይ ከነክፍሉ ተጽፎ ሳለ ማን ሊሸሽገው ነው? ገንዘብ ቀድሞ ከሄደ ይቅርታው ዕዳ ከፍሎ እንደ መሰናበት ይሆናል፣ የገዳሙም ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ሳይነገራቸው ያውቁታል።

ደብዳቤው ከመላኩ በፊት እግር ይቅደም። በእኛ አገር በደል የሚሽረው በወረቀት አይደለም፤ ስለዚህ እርስዎና ርእሰ መምህሩ፣ ሦስቱ ልጆች እያንዳንዳቸው ከአንድ ወላጃቸው ጋር፣ ከእነርሱም ጋር ገዳሙም ከተማውም የሚያከብራቸው አንድ ሽማግሌ ሆናችሁ ሂዱ። ከዚህ በላይ ሰው አይብዛ። የደብሩን አለቃ ማዕረግ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለምሳሌ የመርጡለ ማርያም አስተዳዳሪ «ርእሰ ርኡሳን» ይባላሉ፣ በሌላው ቦታ አበምኔት ወይም አለቃ ወይም ገበዝ የሚባሉት አባት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሊታረቅ የመጣ ሰው ደግሞ የሚታረቀውን ሰው መጠሪያ ስቶ መጀመሩ አያምርም። ባዶ እጅ እንዳይሄዱ ከተባለ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይበቃል። በድሮው ደንብ በዳይ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይወድቅ ነበር፤ ልጆቹ ይህን ያድርጉ አልልም፣ ሽማግሌው ግን መንገድ ላይ የዚህን ደንብ ትርጉም ቢያጫውቷቸው ደስ ይለኛል፤ በድንጋይ ላይ ያጠፋ ልጅ ድንጋይ መሸከም ምን እንደሆነ ሰምቶ የሚረሳው አይመስለኝም።

ሲደርሱ ንግግሩን እርስዎ ወይም ርእሰ መምህሩ አይጨርሱት። ሽማግሌው ከከፈቱት በኋላ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ አፍ «የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» ይበል፤ ከዚያ በላይ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። አባቶች ቢቆጡ ይሰሙ፣ «ለጊዜው ተማሪ እንዳይመጣብን» ቢሉም እሺ ተብሎ ይመለሱ፤ ደጃቸው ነውና ጊዜውን የሚቆርጡት እነርሱ ናቸው። የምትሄዱበትንም ሰዓት በደንብ ያስቡበት። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዐቢይ ጾም በሚገባበት ሰሞን ነው፤ በጾም ወራት ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚሆንና እስከ 9 ሰዓት ገደማ ስለሚዘልቅ በእኩለ ቀን የደረሰ እንግዳ አባቶችን በአገልግሎት ላይ ያገኛቸዋል። ማለዳ ደርሶ መነጋገር ወይም ከቅዳሴ በኋላ እስኪያርፉ መጠበቅ ይሻላል።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። የሰንደቅ ዓላማውን ሥነ ሥርዓት ለዚህ ነገር ባታደርጉት እመርጣለሁ። በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት የቆመ የ10ኛ ክፍል ልጅ ስለ ግንቡ አያስብም፤ የሚያስበው ማን እንደሳቀበት ነው፣ ከሳምንት በኋላም ጓደኞቹ ዘንድ ጀግና ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ከዚያ ይልቅ ልጆቹ የፈለጉት ምን እንደነበረ እንመልከት። የፈለጉት ስማቸው ከዚያ ታላቅ ቦታ ጋር አብሮ እንዲቀር ነው። ይህ ፍላጎት ብቻውን ነውር አይደለም፤ ግንቡን ያሠሩትም ሰዎች ቢሆኑ ስማቸው እንዲቀር ይሹ ነበር። የተለያዩት ስሙን በሚያስቀምጡበት መንገድ ነው፣ እርስዎም የታሪክ መምህርት ነዎትና ከዚህ የተሻለ የክፍል ርእስ የሚያገኙ አይመስለኝም።

በጣና ደቅ ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሯት የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። አገር የገዙ፣ በጎንደር ቤተ መንግሥት ቃላቸው የሚሰማ እቴጌ ነበሩ፤ ነገር ግን በዚያች ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ምስላቸው የሚታየው ከእመቤታችንና ከልጇ ሥዕል ግርጌ፣ በግንባራቸው ተደፍተው ነው። የብራና መጻሕፍቱንም ይመልከቱ፤ ጸሐፊው ወራትና ዓመታት ጎንበስ ብሎ ከጻፈ በኋላ ስሙን የሚያነሣው ከመጨረሻው ቅጠል ላይ ነው፣ እርሱም ቢሆን አንባቢው እንዲጸልይለት ነው። «ዘጸሐፎ ወዘአጽሐፎ» ብሎ የሚጀምረው ልመና የጻፈውንና ያጻፈውን፣ ያነበበውንና የተረጎመውን፣ የሰማውንም ሳይቀር አንድ ላይ ይጠራል። ሦስቱ ልጆች ይህን አጥንተው ለክፍላቸው ወይም በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ቢያቀርቡት፣ ርእሱም «የጥንት ሰዎች ስማቸውን የት ያስቀምጡ ነበር?» ቢሆን፣ ከማንኛውም ቅጣት የበለጠ ይደክሙበታል። ሁለተኛ ሥራም ይኑራቸው፤ ገዳሙ በፈቀደ ጊዜ ያን የጎዱትን የግንብ ክፍል ድንጋይ በድንጋይ ለክተው በወረቀት ላይ ይሣሉት። ሥዕሉ አንዱ ቅጂ ለገዳሙ፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ፣ ከግርጌውም የሣሉት ልጆች ስም በትንሹ ይጻፍ። ስማቸው የሚቀረው እዚያ ነው።

አሁን ለእርስዎ ትንሽ የሚመር ነገር ልናገር። ጥፋቱ የሦስቱ ልጆች ብቻ አይደለም። 68 ተማሪ በአንድ ጊዜ አንድ ግቢ ውስጥ ሲገባ የሚያስረዳውን አባት የሚሰሙት ከፊት ያሉት አሥር ወይም አሥራ አምስት ልጆች ናቸው፤ የቀሩት የፊተኞቹን ጀርባ እያዩ ይቆማሉ። የማይሰማ፣ የማይጽፍና የማይጠየቅ ልጅ እጁ ሥራ ይፈልጋል፤ ምስማር ያገኘ እንደ ሆነ በምስማር ይሠራል። እኔም በተማሪነቴ እንዲህ ባለ ጉዞ ሄጄ ነበር። ሩቅ ቦታ ነበር የተወሰድነው፣ መዋጮውም ለወላጆቼ ከባድ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ጉዞ የማስታውሰው ሌሊት ላይ ጎማ መፈንዳቱንና እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ለማን እንዳካፈልሁ ነው። ስላየሁት ሕንፃ ያስረዳን ሰው ከተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልቀረልኝም፤ እኔም ከኋላ ነበርሁና።

ስለዚህ ለሦስተኛው ጥያቄዎ መልሴ፣ አዎን፣ ተማሪ አስከትለው ይውጡ፣ ነገር ግን እንደ ጥር ወሩ ጉዞ አይሁን። በአንድ ጊዜ ከ20 ወይም ከ25 ያልበለጡ ልጆች ይሂዱ፤ ሦስት ወይም አራት ጊዜ መመላለስ የሚያስከትለውን ወጪ የቦታው ቅርበት ይክሰዋል። እርስዎ ከሳምንት በፊት ብቻዎን ሄደው ቦታውን ይዩት፣ ልጆቹ የሚቆሙበትን ጥላ፣ መጸዳጃውን፣ የሚያስረዱትን አባት ድምፅ እንኳ ሳይቀር ይለኩ። እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ከክፍል ሲወጣ ደብተር፣ እርሳስና በቦታው ካልሆነ በስተቀር መልሱ የማይገኝ አንድ ጥያቄ ይዞ ይውጣ። «ይህ ቤተ ክርስቲያን መቼ ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ አይደለም፤ ከመጽሐፍ ይገለበጣል። «የበሩን መቃን የሠራው ሰው ምን ዓይነት መሣሪያ ይዞ ነበር? ምልክቱን ከእንጨቱ ላይ ፈልግ» ቢባል ግን ልጁ ተጎንብሶ ሲፈልግ ይውላል።

የጎንደር ነገር በትምህርት ቤቶች ሁልጊዜ ስለሚነሣ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልበል። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ያላየው ሰውም ይየው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ግን መንገዱ መሄጃው ብቻ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሁለት ቀን ደርሰን እንመለስ የሚል ጉዞ ልጆቹን ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከአውቶቡሱ ወንበር ጋር ያስተዋውቃቸዋል። መዋጮ መክፈል ያቃተው ልጅ ደግሞ እቤት ይቀራል፣ ብዙ ጊዜም የሚቀረው ታሪክ የሚወደው ልጅ ነው። የመንገዱን ጸጥታ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታልና በዚያ ላይ አልመክርም፤ እርሱም ቢሆን ቅርቡን እንድንመርጥ የሚያደርግ ሌላ ምክንያት ነው።

ከይቅርታው በኋላ ያለው የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ጸሎት ቤት ባይሆን እመርጣለሁ፤ ልጆቹም እርስዎም ትንሽ እፎይ ብላችሁ የምትለማመዱበት ቦታ ያስፈልጋችኋል። ደብረ ማርቆስ አጠገባችሁ ነው። ከተማው መንቆረር ይባል እንደነበረና ዛሬ የሚጠራበትን ስም ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን እንዳገኘ ልጆቹ ከአያቶቻቸው ጠይቀው ይምጡ። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ነግሠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ጎጃምን እስከ ዕረፍታቸው፣ እስከ 1893 ዓ.ም. ድረስ የገዙት ከዚህ ነው፤ ቤተ መንግሥታቸውም እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። የከተማው ልጆች በየቀኑ በአጠገቡ ስለሚያልፉ አያዩትም፣ ከገጠር የመጣው ልጅ ግን ቆሞ ያየዋል፤ ሁለቱን ጥንድ ጥንድ አድርገው ቢያሠማሩ ማን ማንን እንደሚያስተምር ያያሉ። ከዚያም እስከ በላይ ዘለቀ ሐውልት በእግር ሂዱና አንድ ጥያቄ ብቻ ይቅረብላቸው፦ ጣሊያንን አምስት ዓመት የተዋጋ አርበኛ በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ መንግሥት እንዴት ተሰቀለ? መልሱን እርስዎ አይንገሯቸው። ሽማግሌ ይጠይቁ፣ ሁለት የተለያየ መልስ ይዘው ይመለሱ፣ ክፍል ውስጥ ይከራከሩበት።

በጀት ከተገኘ ደግሞ ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን የአላታ ድልድይ አስቡት። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 የተሠራ የድንጋይና የኖራ ሥራ ነው፣ ዛሬም ሰውና ከብት ይሻገርበታል። ልጆቹ ቅስቶቹን ይቁጠሩ፣ የመተላለፊያውን ስፋት በእርምጃና በሜትር ለክተው ያስተያዩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንዙ እዚያ ቦታ ላይ ለምን እንደጠበበ ይመልከቱ፤ ግንበኛው ቦታውን የመረጠው ለዚህ ነውና። የሒሳብ መምህሩም ሊመጡ ይችላሉ፤ ቅስት እንዴት ራሱን በራሱ እንደሚሸከም ከታሪክ መምህር ይልቅ እርሳቸው ያስረዱታል። በዓባይ ላይ ያለውን፣ ከዐፄ ፋሲል ዘመን የሚቆጠረውን ሰባራ ድልድይ ደግሞ ልጆቹ ቢያንስ በክፍል ውስጥ ሊማሩት ይገባል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተቆርጦ ስለቀረ የጎጃምና የበጌምድር ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። ድልድይ ምን እንደሆነ ከዚያ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ወደ ገዳማት የምትመለሱበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ የሚቀሩትን ልጆች አስቀድመው ያስቡ። የጣና ደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ ዳጋ የነገሥታት አፅም ያረፈበት ታላቅ ቦታ ቢሆንም የክፍሉ እኩሌታ፣ እርስዎም ራስዎ፣ ጀልባው ላይ የምትቀሩበት ጉዞ የትምህርት ቤት ጉዞ ሊባል አይገባም። የገዳሙን ደንብ ማክበርና ለክፍሉ የሚስማማውን ቦታ መምረጥ አይጋጩም፤ የዘጌዋን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሁሉም ገብቶ ያያታል። እዚያም ቢሆን በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማይገቡ ልጆች ይኖራሉ። በወር አበባ ላይ ያለች ልጅ በደንቡ መሠረት አትገባም፤ ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት የሆነ ተማሪ ላይፈልግ ይችላል፤ አንዳንዱም በራሱ ምክንያት ውጭ መሆን ይመርጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሥራው ከመጀመሪያው ሁለት ይሁን። አንዱ ቡድን ውስጥ ገብቶ ሥዕሉን ያጥና፣ ሌላው ቡድን ከውጭ ሆኖ ጣሪያውን፣ ጉልላቱን፣ ደጀ ሰላሙንና ዛፎቹን ይሣል፤ ማን የትኛው ውስጥ እንደሚሆን ራሱ ይምረጥ፣ «ለምን?» ተብሎ ማንም አይጠየቅ። ይህን ሳያደርጉ በሩ ላይ ቆመው «የማይገባ አለ?» ብለው ከጠየቁ አንዲት ልጅ በጓደኞቿ ፊት የምታፍርበትን ቀን አዘጋጅተዋል ማለት ነው።

ውስጥ ለሚገቡት የሚነገረው ብዙ አይደለም። ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ነጠላ ይለብሳሉ፣ ስልክ ይዘጋል፣ ፍላሽ የከለከለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ አይበራም። በዘጌ ያሉት ሥዕሎች አብዛኞቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው ከግድግዳው ላይ የተለጠፉ መሆናቸውን ግን በደንብ ይንገሯቸው፤ ልጅ ሥዕሉ የድንጋይ መስሎት በጣቱ ይነካካዋል፣ በትከሻው ይደገፈዋል፣ የላቡ ወዝና የቦርሳው ማንገቻ ጨርቁን ቀስ በቀስ ይጨርሱታል። ቦርሳ ሁሉ ውጭ ይቀመጥ።

ከሁሉ የምወደውን ሐሳብ እስካሁን አቆይቼዋለሁ። በገዳሞቻችን አጠገብ ከእርስዎ ተማሪዎች ጋር እኩያ የሆኑ የአብነት ተማሪዎች አሉ፤ ጎጃም ደግሞ የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች አገር ነው። ጎብኚ ሲመጣ እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ እንደ ግድግዳው ጌጥ ይታያሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ ሳንቲም ይሰጣቸዋል፣ ማንም አያናግራቸውም። ከመሪጌታው አስቀድመው አስፈቅደው ሦስት ሦስት ተማሪ ከአንድ የቅኔ ተማሪ ጋር ለግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ጉባኤ ቃና፣ ከቅኔ ሁሉ አጭሩ፣ ሁለት ቤት ነው፤ እርሱን ለመቁጠር ስንት ሌሊት እንደፈጀበት፣ ሰሙን ከወርቁ እንዴት እንደሚያገናኝ፣ የተቆጠረው ቅኔ ሲበላሽበት መምህሩ ምን እንደሚሉት ይጠይቁት። የእርስዎ ተማሪ ደግሞ በተራው የሚያውቀውን አንድ ነገር ያስረዳው። ስጦታ ካስፈለገ ደብተርና እስክርቢቶ በመሪጌታው እጅ ይሰጥ እንጂ ለየልጁ በጓደኞቹ ፊት አይታደል። ግንቡ ስንት ዘመን ቆመ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ድንጋዩ ብቻ አለመሆኑን ልጆቹ ያን ጊዜ ያዩታል፤ እዚያ ያለውን ሰው ስሙን ጠርቶ ያነጋገረ ልጅም ግድግዳውን ለመጫር እጁ እንደ በፊቱ አይቀለውም።

የቀረው ጥቃቅን ነገር ነው። ጣና ላይ በጀልባ የምትሄዱ ከሆነ ማለዳ ተነሡ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣልና፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከሌለ ጀልባው ላይ አይውጡ፣ ባለ ጀልባው የፈለገውን ያህል ቢምልም። በጾም ወቅት ከሆነ ስንቁ ዳቦና ቆሎ ይሁን፣ የሚጾመውም የማይጾመውም አብሮ ይበላዋል። መዋጮው ለሁሉም እኩል ከሚሆን ይልቅ ክበቡ ቡና አፍልቶም ሆነ የድሮ ደብተር ሰብስቦ ሸጦ አንድ የጋራ ሣጥን ቢኖረው ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ አይታወቅም።

ርእሰ መምህሩ ጉዞ ይቁም ሲሉ የፈሩት ስም መጥፋቱን ነው፣ ፍርሃታቸውም እውነት አለበት፤ ስለዚህ በክርክር አያሸንፏቸው። ወደ ገዳሙ አብረው እንዲሄዱ ይለምኗቸው፣ አባቶች «ይቅር ለእግዜር» ሲሉ በጆሯቸው ይስሙ፣ ከዚያም የ20 ልጆችን የደብረ ማርቆስ ጉዞ ዕቅድ በአንድ ገጽ ጽፈው፣ የሚጠብቁትን ሦስት መምህራን ስም አስገብተው ከፊታቸው ያኑሩላቸው። ዝናቡ ሳይገባ፣ ግንቦት ሳያልቅ ቢሆን መንገዱም ይመቻል፣ ፈተናውም አይደርስም። ሲሚንቶው አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነም አይባክንም፤ የትምህርት ቤቱ የውኃ ቧንቧ የቆመበት ወለል ሳይሰነጠቅ የቀረ አይመስለኝም።